ለሚነዳት

ጋዜጣው በመስመር ሦስት ዶላር ያስከፍላል፤
አራት መስመር ገዛሁ፤ የተረፈው እኔው ጋ ይውላል።

«ኮርቬት፣ የሰባ ሦስት ሥሪት። ቀይ። ባለ አራት ማርሽ።
ለሚነዳት እንጂ ለሚያያት አይደለችም።
ዋጋ ሲገናኙ።
ቨርሊን፣ ከእህል ጎተራው ጀርባ።»

እዚህ ወረቀት ላይ ግን ክፍያ የለምና
ነውሯን ልዘርዝረው፣ ከጣራዋ ጀምሬ ቁልቁል ልውረድና።

ጣራዋ ያፈሳል፤ ከባድ ዝናብ ሲጥል
ውሃው ግራ ትከሻን ነው የሚፈልግ፣ እዚያው ጠብ ጠብ ይላል፤
ፎጣ አስቀምጫለሁ ከወንበሯ ጀርባ፣
እሱን መርቄያለሁ፣ ሒሳብ ውስጥ አይገባ።

መብራቶቿ ግንባሯ ውስጥ ተሸሽገው ነው የሚውሉት፤
ሲመሽ ብቻ ብቅ ይላሉ፣ ቁልፉን ሲጫኑት፤
ቀኙ ወዲያው ይነቃል፣ ግራው ግን ይለግማል፣
ሰኞ ጠዋት እንደቀሰቀሱት ጎረምሳ ያንገራግራል።

ሰዓቷ ቆሟል፤ እኔንም ያስቸኮለኝ የለም።
የሞተሯ ቁጥር ከአካሏ ቁጥር ጋር አይገጥምም፤
ሰብሳቢዎች ይህን ሲሰሙ ግንባራቸውን ይቋጥራሉ፣
«ልቧ የራሷ አይደለም» ይላሉ።
የኔስ ጉልበት የራሴ ነው? ፎርት ዌይን ሐኪም ቤት ነው የገጠሙልኝ፤
ይኸው ዛሬም ፖስታ ቤት አድርሶ መለሰኝ።

ከላይ አትዝግም፤ ቆዳዋ ፋይበርግላስ ነው፤
ዝገቷ ከሥር ነው፣ አጥንት አጥንቷን የያዘው፤
በጀርባው ላልተኛ አይታይ፤
እንደ ሰው ናት በዚህ ጉዳይ።

መጀመሪያ የመጣው ሰው መስታወትና ባትሪ ይዞ ነበር፤
በቅሎ እንደሚገዛ ነጋዴ ጥርስ መቁጠር ነው የቀረው ከከንፈሯ ሥር።
በሞቀ ጋራዥ፣ በጨርቅ ሸፍኖ ሊያስቀምጣት፣
በዓመት አንዴ በጭነት መኪና ጭኖ ለዳኞች ሊያሳያት።
«መቼ ትነዳታለህ?» ብለው ከት ብሎ ሳቀና
«ማን? እኔ?» አለኝ። ገንዘቡን መለስኩለት በትሕትና።

ሁለተኛዋ ሮዌና ናት፤ ከሌሊት ሥራ በቀጥታ፣
ዓይኗ እንደቀላ፣ የነርስ ጫማዋን ሳታወልቅ መጥታ።
ፎጣውን አነሣች፤ «ይሄስ?» አለች፤ «ምርቃት» አልኳት፤ ሳቀች፤
ስለ ቁጥር አላነሣችም፤ ስለ ፍሬኗ ብቻ ጠየቀች።
«ለምን ትሸጣታለህ?» ስትለኝ ዓይኔን አሳየኋት፤
መሀሉ ጠፍቶ ዳር ዳሩ ነው የቀረኝ፤ የሷንም ፊት ሳየው፣ ጆሮ እንጂ አፍንጫ የላት።
መንጃ ፈቃዴን በመጋቢት ወሰዱት፣ በረዶው ገና ሳይቀልጥ፤
እጄ ግን አልሰማም፤ ማርሽ ይቀይራል ሾርባ ሲያማስል፣ ጋዜጣ ሲገልጥ።

አርባ አንድ ዓመት የነዳኋትን መኪና በቀኝ በሯ ገባሁ።
ያ ወንበር የዶርካስ ነበር፤
ተቀምጬበት አላውቅም፤ እንደ ልጅ ፈራሁ።

ሮዌና ማርሹን አስጮኸችው፣ ይቅርታ አለች፣ ቀጠለች፤
ከከተማው ዳር ወጣን፤ መንገዱ ክር ነው፤ ረገጠች።
በቆሎው ግራና ቀኝ አረንጓዴ ጭስ ሆነ፤
እጄ መሪ ለምዶ፣ መያዣ አጥቶ ባከነ፣
የበሩን እጀታ ጨበጠ።

ከሥሩ፣ ዓይን በማይደርስበት፣ ፕላስቲኩ ተቦርቡሯል።
አራት ጎድጓዳ።
የጥፍር።

ዶርካስ «ቀስ በል» ብላኝ አታውቅም፤ አንድ ቀን እንኳ።
መርፌው ዘጠና ማይል ሲያልፍ፣ በመስኮቱ እያየች፣
«በቆሎው አድጓል ዘንድሮ» ነበር የምትለኝ፤
ታጭዶ፣ መሬቱ ራቁቱን ቀርቶም ሳለ፣
«በቆሎው አድጓል ዘንድሮ»።
እኔም ሞኙ፣ ፍጥነት ትወዳለች እያልኩ
ለአገሩ ሁሉ አወራሁ።

ጣቶቼን ጎድጓዳዎቹ ላይ አኖርኳቸው።
ወፍራም ናቸው፤ አልገጠሙም።

«ፈጠንኩብህ?» አለችኝ ሮዌና፣ እግሯን ከነዳጁ ሳታነሣ።
አዎ ልላት ነበር።
«በቆሎው» አልኳት፣ «አድጓል ዘንድሮ።»