ከታች የያዘ ሰው

ቀስ በል ሚልክያስ፣ ግድግዳውን እንዳትፍቀው፣
ቶሪኖ ነው አገሩ፣ ጭረት ነው ሰው የሚያካስሰው።
አሳንሰሩ ካለፈው ወር ጀምሮ ቆሟል፣
የሕንጻው ጠባቂ «ነገ» ትላለች፣ ነገም ስንቴ አልፏል።
ዘጠና ሁለት ደረጃ ነው፣ ስወጣ ስወርድ ቆጥሬዋለሁ፤
አንተ ወጣት ነህ፤ እኔ ግን በየማረፊያው አርፋለሁ።

ይህ ቁምሳጥን የኛ ነበር፣ የአስካለና የኔ፣
ከባሎን ገበያ ገዛሁት፣ በአዲስ ባልነት ወኔ።
እሁድ አክሊል ደፋችሁ፤ ይኸው ቅዳሜ መጥቷል፣
አክሊሉ ዕቃ ቤት ገብቷል፣ ዕቃው ግን ደረጃ ላይ ቀርቷል።

እዚህ አሳርፈው። ተንፍስ።

መልእክቱ ሲነበብ፣ «ራስ» የሚለው ጋ ሲደርስ፣
አገጭህ ብድግ ሲል አየሁት፣ ካባህም ሲንፈላሰስ።
አልፈርድም፤ የኔም አገጭ ያን ቀን ጣሪያ ነክቶ፣
ቀጥሎ ያለው፣ ስለ እርሷ መሞቱ፣ አለፈኝ ጆሮዬ ተኝቶ።

አንድ ጊዜ አሥራ አንድ ቀን አስካለን ዘግቻት ነበር፣ በመቶ ሃምሳ ዩሮ፣
«ሳትነግሪኝ ለእናትሽ ላክሽ» ብዬ፣ ልቤ ድንጋይ ቋጥሮ።
ጸሎቴን ግን አላቋረጥሁም! ዳዊት እደግም ነበር፣
ጀርባዬን ለሷ ሰጥቼ፣ ፊቴን ለምሥራቅ በር።
እሷ ሌሊት አሥር ሰዓት ትወጣለች፣ የሆስፒታል ወለል ልትወለውል፣
የዚህ ቁምሳጥን በርም ሲከፈት ይጮኻል፣ ድመት የረገጡ ያህል።
በአሥራ ሁለተኛው ቀን በሩ ዝም አለብኝ። ተነሥቼ ዳበስኩት፣
ማጠፊያው ላይ የሚያዳልጥ ነገር፤ ጣቴን አሸተትኩት።
ሳሙና!
እኔ አፌን ስዘጋባት፣ እሷ የበሩን አፍ ዘጋች፣
ያኮረፋት ሰው እንዲተኛ፣ በጨለማ ሳሙና ቀባች።
ከዚያ ወዲህ ስብከት ሰምቻለሁ፣ ጉባኤም ቆሜያለሁ፣
እንደዚያች ሳሙና የገሠጸኝ ግን፣ እውነት ልንገርህ፣ አጥቻለሁ።

በል አንሳ። «ምክር ስጠኝ» አላልክም? ያለኝ ይህን ያህል ነው፤
ሳህን አጥበህ «ረዳኋት» አትበል፣ የበላኸው ባንተው አፍ ነው።
ፀሐይ ሳትጠልቅ ታረቅ፤ እዚህ ደግሞ በታኅሣሥ ትቸኩላለች፣
አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ከተራራው ጀርባ ትገባለች፤
ከትራም ላይ ሆነህም ደውል፣ «አጠፋሁ» በል፣ ሰው ይስማህ፤
«ግን አንቺም» የምትለዋን ጭራ ቁረጣት፣ እሷ ናት ይቅርታህን የምትቀማህ።

ቆይ፣ ቆይ። ጉልበቴ እምቢ አለኝ። ቦታ እንለዋወጥ፤ አንተ ወደ ታች ና፣
እስካሁን ከላይ ሆነህ «ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ» ትለኝ ነበርና።

ከበደህ፣ አይደል? ራስ ማለት፣ ልጄ፣ እዚህ ጋ ነው ቦታው፤
ደረጃ ላይ ሁለት ሲሸከሙ፣ ዝቅ ያለው ነው ጌታው።
እርሱም ከማዕዱ ተነሥቶ ወደ እግር ነው የወረደው፣
ከራስጌ ቆሞ «ወደ ግራ» ሲል ማን አየው?
እኔ ይህን ለማወቅ ሃያ ስምንት ዓመት ፈጀሁ፣
አንተ አራተኛ ፎቅ ላይ ሲገባህ፣ እውነቴን ነው፣ ቀናሁ።

ደረስን። በቀስታ አስቀምጠው፤ ፌቨን ከሌሊት ፈረቃ ገብታ ተኝታለች፣
ከታች አስካለ መኪናው ውስጥ ጥሩንባ ትነፋለች፤
ቅጣት ጻፊው መጥቶ ይሆናል። ልውረድ። ደህና ዋል።
አዎ፣ ረስቼው፤ ያ ሳሙና ደርቋል፣ በሩ እንደገና ይጮኻል።

ሌሊት የምትገባዋ እሷ ናት፣ የምትተኛው አንተ፤
ዛሬ ግን የተኛችው እሷ ናት። ጣትህን አርጥበው እስቲ አንተ።