የሁለት ትከሻ ስፋት

ሞተሩ ሁለቴ ሳለ፣ ከዚያ ዝም አለ፤
ነፋሱ ዱካችንን ልሶ አስተካከለ።
በኢናሪ፣ በታኅሣሥ፣ ቀን የሚሉት ነገር
ጥድ ጫፍ ላይ ቆሞ፣ ዐይኑን ሳይገልጥ የሚሄድ
መንገደኛ ነበር።

እኔና እህቴ ሪስተን
ከአባታችን ቀብር ወዲህ ቃል አልተለዋወጥንም።
ሠላሳ ሁለት አጋዘን ነው ያጣላን፣
ጆሯቸው በእሱ ቢላ የተተለተለ።

አካፋ የለንም። መንሸራተቻዬን አውልቄ
ከጥዱ ሥር መቆፈር ጀመርኩ።
ወርዱን ለካሁ፦ አራት እርምጃ።
ለእሷ አንድ ጥግ፣ ለእኔ አንድ ጥግ፤
መካከሉ ላይ የሚተኛው የዓመቱ ዝምታ ነው፤
እሱስ ቦታ አይፈልግ?

ሪስተን ቅርንጫፍ ተሸክማ መጣች፤
የቆፈርኩትን አየች።
«ማን ሊያሞቀው ነው?» አለች።
ከዓመት በኋላ የመጀመሪያ ቃሏ።
«ምድጃ የለን፣ እንጨቱ እርጥብ፤
ያለን እሳት የሁለታችን ትንፋሽ ነው፤
ቤቱን በእሱ ልክ አጥብብ።»

አጠበብኩ። የቆፈርኩትን በእጄ መለስኩት፤
በየስንዝሩ እየተናደድኩ።
ረጅም ግንድ አጋደምን፤ በግራም በቀኝም
እንደ ዓሣ አጥንት እንጨት አስደገፍን፤
ቅጠሉን ከታች ወደ ላይ ደረብን፤
ከዚያ በረዶ፣ ክንድ ሙሉ፤
ከበረዶ የሚያስጥል በረዶ ነው አሉ።

ወለሉ ላይ ቅጠል አነጠፍኩ። «ይበቃል» አልኳት።
ተንበርክካ በጡጫዋ ተጫነችው፤ መሬቱን ነካችው።
«አልበቃም። ሰው ብርድ ከላይ የሚመጣ ይመስለዋል፤
የሚበላህ ግን ከታች ነው።»
እንደገና ቅርንጫፍ። እንደገና።
እጄ እስከ ክርኔ ሙጫ ሙጫ ሸተተ።

በእግራችን ገባን። በሩን በቦርሳዋ ደፈነች፣
ለትንፋሽ የጡጫ ቀዳዳ ትታ።
ጀርባዋ ጀርባዬን ነካ።
የትከሻዋ አጥንት የአባቴን ይመስላል፤
ይህን አላውቅም ነበር ለካ።

ስለ አጋዘኖቹ አላነሳንም።
«እግርህ ይሰማሃል?» አለችኝ፣ ሌሊቱ ሲገፋ።
«ይሰማኛል» አልኩ። ዋሸሁ።
አወቀችብኝ፤ «ጣትህን አንቀሳቅስ!» እያለች፣
በተረከዟ እየመታች፣
እስኪነጋ አላስተኛችኝም።

የአጎታችን ልጅ ኦቭላ በሐይቁ በኩል ሲደርስ
ወጥቼ ጎጆዋን ከውጭ አየኋት፤
ለመቃብር ትንሽ ሰፋ፣
ለአልጋ ትንሽ ጠበብ ያለች።

ሠላሳ ሁለቱ እስከ ዛሬ አልተከፈሉም።
ሰው ተቀይሞ
«ጀርባዋን ሰጠችኝ» ሲል ስሰማ ግን
ያቺ ሌሊት ትሞቀኛለች።