የአቮካዶው ዕዳ

ሂርማታ ጓሮዬ፣ ካጥሩ ጥግ የቆመ
አንድ አቮካዶ አለኝ፣ በበጋ ያልደከመ።
የሰፈሩ ቅጠል በጥር ፀሐይ ሲከስል
የኔው ይንዠረገጋል፣ ክረምት ላይ ያለ ይመስል።
«እጅዎ በረካ አለው» ይለኛል መንገደኛ፤
እኔም አንገቴን እሰብራለሁ፣ እንደ ትሑት ዳኛ።

የካቲት ላይ ቢል መጣ፦
መቶ ሰማንያ የነበረው ስድስት መቶ ወጣ።
«ማን ጠጣው?» ስል ዓይኔ ዞሮ ዞሮ ያረፈው
ከተከራዬ ገመድ፣ ረዚያ ካሰጣችው፤
የመንታ ልጆች ካልሲ፣ ሸሚዝ፣ የአልጋ ልብስ፣
እጇ ከሳፋ አይወጣ፣ ፀሐይ ወጥታ እስክትመለስ።
አልኳት በሯ ቆሜ፣ አንድ ቀን ማለዳ፦
«እጥበት ታበዢያለሽ፤ ይኸው የውሃው ዕዳ።»

አልመለሰችልኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ
ውሃ ታስመጣለች፣ በባጃጅ፣ ከእህቷ ጓሮ፤
ቢሉ ግን ያው መጣ፣ እንዲያውም ጨምሮ።

ተማም የቧንቧ ሰው ነው፣ ፈረንጅ አራዳ ነዋሪ፤
ጂራቱቢው ከትከሻው፣ ካናፓው ከኪሱ አዳሪ።
መጣና ወጥ ቤት ገባ፣ ጠብ ጠብ የሚለውን አየ፤
ጎሚኒው ማለቁን በጣቱ ዳሶ ለየ።
«በጉልበት አትዝጋው፣ ሲታነቅ ይብሳል፤
ጎሚኒው ካለቀ ቡጢ ምን ይመልሳል?»
ሽንት ቤቱ ሲያፏጭ፣ ክዳኑን አንሥቶ፣
የጋለጃንቴውን ሽቦ በቀስታ ጎትቶ
ወደ ታች አጎበጠው።
ዝም አለ፤ ስንት ሌሊት ያፏጨብኝ ጉድ።

ሲፎኑን ፈታልኝ፣ ከሥር ባልዲ ደግኖ፤
የቡና አተላ ወረደ፣ እንደ አስፋልት ሆኖ።
«ጅማ ነው» ብሎ ሳቀ፣ «ሲፎኑም ቡና ይጠጣል!
ግን ይሄ ሁሉ ተደምሮ ስድስት መቶ ከየት ይመጣል?»

«እንግዲህ ሁሉንም ዝጋ» አለኝ። ዘጋሁ፦
የወጥ ቤቱን፣ የሻወሩን፣
ረዚያ ከተወችው ወር ያለፈውን የውጪውን።
ከቆጣሪው ፊት ቁጭ አልን፣ ልብ ምት እንደሚያዳምጥ ሐኪም።
ትዞራለች።
ከመስታወቱ ሥር፣ ያቺ ትንሽ ቀይ ኮከብ፣
ማንም ሳይከፍት፣ ማንም ሳያጥብ፣
ትዞራለች።

«ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» አለ፣ ዓይኑን ወደ ዛፉ ጥሎ፤
«አካፋ አምጣ።» ቆፈረ፣ ከግንዱ ሥር በርከክ ብሎ።
አንድ ክንድ ሳይወርድ አፈሩ ጭቃ ሆነ፤
ዝገት የበላው ቧንቧ፣ በሥር የተከፈነ።
ዓመት ሙሉ ሲጠባው የኖረ፣ ያ በረካዬ።

«በከመነዳሪ ልሰረው?» ብለው
«ያ ፋሻ ነው» አለኝ፣ «ቁስሉ እንዳለ ነው።»
የበሰበሰውን ቆርጦ አዲሱን ገጠመ፤
ካናፓውን በጥርሱ አቅጣጫ ጠመጠመ፣
መክፈቻውን ቀስ አድርጎ ለቀቀ፣ እጁን ጠረገ።
ሮጬ ቆጣሪውን አየሁ።
ኮከቧ ቆማለች።

ረዚያ በር ላይ ቆምኩ። የላላ ቃል የሚያጠብቅ ጂራቱቢ ከየት ይምጣ?
«ዛፉ ነው» አልኳት፣ «ዛፉ ነው የጠጣው።» ሳፋዋን አስቀምጣ
«አውቃለሁ» አለችኝ።
«ሌሊት ከግድግዳዬ ማዶ ሽርር ሲል እሰማው ነበር።
ልነግርዎት ስመጣ
እርስዎ ቀድመው ነገሩኝ።»

የባጃጁን ሂሳብ ቆጥሬ ሰጠኋት።
ተቀበለች። አላመሰገነችም።

ዘንድሮ በጋው ጠና፤ አቮካዶው ቅጠል አረገፈ፣
ካበበውም ግማሹ ሳያፈራ አለፈ።
ማታ ማታ መንታዎቹ የእጥበቱን መጨረሻ፣
ሳሙና የለቀቀውን፣ በጆግ ይዘው ይመጣሉ፤
ግማሹን ለዛፉ፣ ግማሹን ለእግራቸው ያጠጣሉ።

መንገደኛው ቆሞ «ምነው? ያ እጅዎ የት ገባ?» ሲለኝ
«የኔ እጅ አልነበረም» እለዋለሁ።