ኖራ

የፖርትላንድ ገደል ባሕሩን ቁልቁል ሲያይ፣
ነጭ ነው፣ በሃ ነው፣ የኖራ ድንጋይ።
ከሩቅ ግድግዳ ነው፤ ስትቀርበው ግን መንደር፤
ዛጎል በዛጎል ላይ ተነባብሮ ሲያድር።
ጥፍር የምታህል፣ ሰው ሳይፈጠር ኖራ፣
ሞታ፣ ተጭና፣ ነጥታ፣ ይኸው ሆናለች ኖራ።
በእሷ ጠርዝ ላይ ነው ጣቴን የማሳርፈው፤
በሟች ትከሻ ነው ሞቴን የማልፈው።
የተፈለጠው ወንድሙ ለንደን ሄዶ ባንክ ሆነ፤
ይሄኛው እዚህ ቀርቶ፣ ጨው እየላሰ መነነ።

ሳይላስ ኮምበን ሰባ ሦስት ዓመቱ ነው።
አባቱም፣ የአባቱም አባት ድንጋይ ፈላጭ ነው።
በዚህ ደሴት ጥንቸል በስሟ አትጠራም፤
ከጠሯት የድንጋይ ካባው ይናዳል፣ ሰው በሰላም አይገባም።
ሳላውቅ እራት መሃል ስሟን ብጠራበት፣
ሹካውን ጥሎ ወጣ፤ ልጁ ግን ሳቀችበት።

ሕጉ አጭር ነው፦ "ገደል ላይ ብረት አትተው።
ስንጥቁን አንብብ፣ ሽብልቅህን ክተተው፤
የሚከተልህ ሰው ነቅሎ ይዞት ይውጣ፤
ገደሉ እንዳላወቀ ማን ሄደ፣ ማን መጣ።"

ታምዚን ግን መሰርሰሪያ አላት። በክረምት ተንጠልጥላ፣
ጨው የበላውን ዝገት ከድንጋዩ ነቅላ፣
የቲታኒየም ችንካር በሙጫ ታቆማለች።
"አባዬ፣ የሁለት ልጆች እናትም መውጣት ትወዳለች፤
ሰው ሁሉ ልቡ እንዳንተ አይደለም።"
"ልብ የሌለው መሰላል ይግዛ፤ ርካሽ ነው፣ አይጎዳም።"
ገበታቸው እንዲህ ነው፤ ችንካርና ሽብልቅ፤
እኔ መሃል ድንች አሳላፊ፣ የማልጣላ፣ የማልታረቅ።

ነሐሴ ላይ ሦስታችን ወደ ስዋኔጅ ሄድን፤
ሁለት ገመድ፣ ዳቦ፣ የሳይላስን አሮጌ የራስ ቁር ይዘን።
እስከ ሐምሌ ባለርስቶቹ ወፎች ነበሩ፤
ጫጩታቸውን አብርረው፣ ለቀው በረሩ።
እዚያ ችንካር የለም። እዚያ መጀመሪያ ትወርዳለህ፤
ማዕበሉ ጫማህን እስኪነካ በገመድ ትሰጥማለህ።
ከዚያ መውጫው መውጣት ነው፤ በቋንቋዬ አንድ ቃል ነው አልኩት፤
ገዳም በጠፍር የሚወጣበት አገር ነው የተወለድኩት።
"ያን ቋንቋ የሠራው" አለ "ከገደል ሥር ቀርቶ ያውቃል።"
ቋጠሮውን ሦስቴ አሰረው፤ ጣቱ ይንቀጠቀጣል።

ታምዚን ቀደመች። እኔ ከታች ገመድ እለቃለሁ፤
እጇን ባላየውም፣ ሐሳቧን በመዳፌ እሰማለሁ።
ሲጠብቅ ነው ለካ ገመድ የሚሆነው ዘመድ።
ግማሽ ላይ ቆመች፤ ያለቀባት ይመስል መንገድ።
ከዚያ ድምጿ ወረደ፣ ከማዕበሉ ጋር ተደባልቆ፦
"አባዬ! እዚህ ካስማ አለ! ተመትቶ የገባ፣ በዝገት አልቆ!
ሁለት ፊደል ተቀርጾበታል።
የአንተ ነው።"

ሳይላስ ባሕሩን አየ። አንድ ማዕበል መጣ፣ ተመለሰ።
ሌላ መጣ። እሱም ተመለሰ።
"አዎ" አለ፤ ለእኔ ነው እንጂ እሷ አትሰማውም፤
"ያን ቀን ነው የፈራሁት፤ ሌላ ቀን ፈርቼ አላውቅም።
ልትወለድ ሦስት ወር ነበር የቀራት።"
ከዚያ ሁለት እጁን አፉ ዳር አድርጎ፦ "አትመኚው!
ዝጓል! ከጎኑ ያለውን ስንጥቅ እመኚው!"

እሱ ሁለተኛ ወጣ፤ እየነቀለ፣ እያቃሰተ፤
ግማሽ ላይ ገመዱ ቆመ፤ ብዙ ቆየ፤ ከዚያ ተጎተተ።

እኔ የመጨረሻው ስወጣ ገደሉ ባዶ ነበር፤
ሽብልቁ ሁሉ ተለቅሟል፤ የለም የተረሳ ነገር፣
ከካስማው በቀር።
ዝገቱ ላይ እርጥብ የአውራ ጣት አሻራ፤
ዙሪያው ዛጎል፣
ዙሪያው ኖራ።