የባላንስ እርሳስ

ጎማ ነው እንጀራዬ፣ ወንጂ ማዞሪያ ላይ፤
የጅቡቲ ቦቴ ሲያልፍ አቧራው እስከ ሰማይ።
አባቴ ኤርጫፎ ግን ለሰላምታም አይቆም፣
በከዘራው ጫፍ ነበር ደጃፌን የሚያርም፦
ከቸርኬ የረገፈ፣ ዘይት የጠጣ፣
የባላንስ እርሳስ ካለ አቧራ ለብሶ የመጣ።
«ይቺስ?»
«እሷ ብረት ናት፣ አባ።»
አያምነኝም። በጥርሱ ይነክሳታል።
እርሳስ ከሆነች ጥርሱ ይገባባታል።

ጠመንጃው የሙሴ ስታማቲ ነበር፣
የስኳር ፋብሪካው መካኒክ፤
ንብረት ሲወረስ ጊዜ፣ በአንድ ሻንጣ ሲወጣ፣
«ያዘው» ብሎት የሄደ።
አጭር ናት፣ ከሆዷ ስር እጀታ ያላት፤
ወደ ታች፣ ወደ ላይ፣ ቀጭ ቋ፣
ባዶውን ትተፋለች፣ ሙሉውን ትጎርሳለች።
የምትጎርሰው ደግሞ የሽጉጥ ጥይት ነው፣
ድፍን አፍንጫ፣ የአውራ ጣት አንጓ የምታህል።
መርካቶ ጠየቀ፣ ጅጅጋ ላከ፣
«እንዲህ ያለ አናውቅም» አሉት።
የክላሽ ቢሆን እንደ አሸዋ ነው፣
የምንሽርም ከሽማግሌ ጓዳ አይጠፋም፤
የእሷ ግን፣ በሻሽ የተቋጠረ፣
አስራ ዘጠኝ ቀለሃ።

እናም ይሞላቸዋል።
ሌሊት ከሸንኮራው ዳር አሳማ ሲጠብቅ
ተኩሶ የሚሮጠው ወደ አሳማው አይደለም፣
ወደ ቀለሃው ነው።
አንዷ ሳር ውስጥ ብትጠፋ በባትሪ ፍለጋ ያድራል።
በዕድሜው የገደለው፣ እኔ እስከማውቀው፣ ሦስት ነው።
ጉማሬማ ቢመታባት
ትንኝ መስሎት ጆሮውን ያራግፋል።
የቀረው እርሳስ የሸንኮራው ስር ውስጥ ነው፤
ሻይ ሲጠጣ ይስቃል፦
«ከወንጂ ስኳር ላይ እኔም ድርሻ አለኝ።»

እሁድ ጓሮ ከሰል ያያይዛል።
እናቴ ዲስቷን ትፈልጋለች፤
ዲስቷ እሳት ላይ ናት፣ ሆዷ ውስጥ ጨረቃ ቀልጦ።
የሻማ ቁራጭ ጣል ሲያደርግበት
ቆሻሻው ይነሳል፣ ፊቱ ይጠራል፣
በጭልፋ ይቀዳል፣ እንደ ጉጠት በሚከፈተው ቅርጽ ያፈሳል።
የመጀመሪያዎቹ ሁልጊዜ የተጨማደዱ ናቸው።
«ቅርጹ ሳይሞቅ የተወለደ፣ የበኩር ልጅ» ይላል፣
እኔን አይቶ።
ባሩዱ ላይ ሲደርስ ግን
ጀርባውን ይሰጠኛል።
እጁን አላየሁም፤ ትከሻውን ብቻ፣
እንደሚጸልይ ሰው ዝቅ ብሎ።

ናስ ይደክማል።
በየዓመቱ አንዷ አንገቷ ላይ ትሰነጠቃለች።
አስራ ዘጠኝ፣ አስራ አንድ፤ አስራ አንድ፣ አራት።
የተሰነጠቀችውን አይጥልም፣ ኮቱ ኪስ ያስገባታል፤
ሲራመድ ይንሿሿ ነበር
እንደ ቁልፍ ያዥ።

ከዚያ የምዝገባው ወሬ መጣ።
ጠመንጃዋን በጋቢ ጠቅልሎ ሄደ፣
መዳፍ የምታህል ወረቀት ይዞ ተመለሰ።
ጋቢውን አጣጥፎ አስቀመጠ።
በማግስቱ ጠዋት ደጃፌ ላይ ነው፣
ከዘራው አቧራ ይጭራል።
«አባ፣ ለምን?»
«ይቺስ?» አለኝ።

በሞተ በአርባው ከአልጋው ስር
የኒዶ ጣሳ አገኘሁ፤ ማንሳት አቃተኝ።
ያለ ቀለሃ፣ ያለ ባሩድ፣
አፍንጫ ለአፍንጫ የተደረደረ እርሳስ።

ባለፈው ሐሙስ አንድ የተሳቢ ሾፌር፣
«ሰማንያ ስገባ መሪው ያንቀጠቅጠኛል» አለ።
የባላንስ እርሳስ አልቆብኝ ነበር።
ከጣሳው ሦስት አወጣሁ።
መዶሻው ስር አልተከራከሩም፣ ተኙ።
ከቸርኬው አስያዝኳቸው፣ ጎማውን አሽከረከርኩት፤
ጸጥ አለ።
አሁን በጋላፊ መንገድ ይዞራሉ፣ ይዞራሉ፣
ማንንም ሳይመቱ።

ጣሳው እየጎደለ ነው። አላዘንኩም፤ ሥራ ነው።
አንዷን ብቻ አስቀረሁ፣ የተጨማደደችውን።
ማታ ሱቁን ስዘጋ
ሰው አለመኖሩን አይቼ
ነከስኳት።