ስንት ናችሁ?

አዝመራው፣ ተቀመጥ፤ ወንበሩን ሳብ አድርገው።
ይህ ስልክ ያንተ ነው፤
መጀመሪያ ግን ገመዱን ፍታው፤
እንደ ጠጉር ተጎንጉኖ፣ እርስ በርሱ ተበትቦ
እጀታውን ባነሳህ ቁጥር ስልኩ እንዳይመጣ ተስቦ።
ከሥሩ ወረቀት አለ፣ ከኔ በፊት የነበረች ሴት የለጠፈችው፤
«ወደ ውጭ ለመደወል ዘጠኝን ንካ» ይላል፤ ሻይ ነው የቀረውን ያጠፋው።

ድምፅ ማጉያው ይህ ነው፤ ትንሽ መለከት፣ ከጎኑ ሦስት ቅስት፤
ስትነካው ክፍሉ በሙሉ ጆሮ ይሆናል በቅጽበት።
እጅህ ነፃ ይወጣል፤ ትጽፋለህ፣ ፋይል ትከፍታለህ፤
ግን ልብ በል፣ ያንተን ጆሮ ስታሳርፍ የሌላውን አፍ አደባባይ ታወጣለህ።
መዝጋት ስትፈልግ አትቸኩል፤
እጀታውን አንሳ፣ ድምፁ ወደ ጆሮህ ይገባል፤
ቁልፉን ደግመህ ከነካኸው ግን የሰውየው ነገር መሐሉ ላይ ይቆረጣል።
አትጩኽበት። ሽቦ ነው እንጂ ጋራ አይደለም።
ወረቀት አታንኮሻኩሽ አጠገቡ፣ ጣትህም ጠረጴዛ አይምታ፤
ያንተ ኮሽታ እዚያ ማዶ ይሆናል የነጎድጓድ ጋጋታ።

ይህች ደግሞ ድምፅ መዝጊያ ናት፤ ስትበራ ቀይ።
ስለሷ መመሪያው ሁለት መስመር ብሎ ያልፋል፤ እኔ ግን ትንሽ ልቆይ።

ሐምሌ ነበር። እዚሁ ሪጃይና፣ እዚሁ ስብሰባ ክፍል፣
የበረዶ መድን የምንከፍልበት፣
ወይም የማንከፍልበት፣ እንደየፋይሉ ዕድል።
እኔ፣ አለቃችን ሎርን፣ ከግምት ክፍል ዴቫን፤
በመሐላችን ስልኩ፤ በስልኩ ውስጥ ወይዘሮ ሃሊና፣ ከሙስ ጆ ወዲያ ካለ እርሻ።
ሎርን «ብቻዬን ነኝ» አላለም፤ «ሦስት ነን»ም አላለም።
እሷም አልጠየቀች። አንድ ሰው መስሏት ሁሉንም
ነገረችው፤ ሰማዩ እንዴት አረንጓዴ እንደሆነ፣
ሊያሽት ሳምንት የቀረው ስንዴ በሩብ ሰዓት እንዴት እንደባከነ፣
ባሏ ደጃፍ ቆሞ አይቶ ምሳም ራትም እንደረሳ፣
ውሻው አልጋ ሥር ገብቶ እስከ ማግስት እንዳልተነሳ።

ሎርን ጣቱን ሰደደ፣ ቁልፏን ነካ። የነካ መሰለው።
መብራቷ አልቀላችም። እኛ እሱን ነበር የምናየው።
«በረዶው ሳይወርድም ያ ስንዴ ስንዴ አልነበር» አለና ሳቀ፤
ዴቫን ሳቀ፤
እኔም፣ አልዋሽህም፣ ከንፈሬ ከጥርሴ ተላቀቀ።

ከዚያ ዝም።
ከበስተኋላዋ የማቀዝቀዣ ጉርምርምታ፣ የግድግዳ ሰዓት ሲቆጥር፣
ወንበር ሲንቋቋ፣ የሴትዮዋ ትንፋሽ ሲያጥር።

«ስንት ናችሁ?» አለች።
አልጮኸችም። አልረገመችም።
«ስንት ናችሁ?» ብቻ፣ ድንገት እንግዳ መጥቶባት ሰሃን እንደምትቆጥር።

ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባላል፤ እኛ አፋፉ ላይ ነን፤
ሎርን ቁልፉን ያያል፣ ዴቫን ጫማውን።
አፌ ቀደመኝ፤ «ሦስት ነን» አልኩ፣ ስማችንን ጠርቼ፣
«ሲስቁ ከሰሟቸው አንዷ እኔ ነኝ» አልኩ ድምፄን አጥቼ።

«እንግዲያው አንዳችሁ እጀታውን አንሱና አነጋግሩኝ፤
በክፍል ሙሉ ሰው ፊት ያጣሁትን አልቆጥርም፣ አታስቸግሩኝ።»
አነሳሁት። ያ ሁሉ ድምፅ ተጠቅልሎ
ጆሮዬ ውስጥ ገባ፣ አጠገቤ እንደተቀመጠ ሰው፣ ቀስ ብሎ።
አርባ ደቂቃ አወራን። ሎርን ወጣ። ዴቫን ውሃ አመጣልኝ፤
ከፊቴ አስቀመጠው። አላየኝም።

ገንዘቡን ልትጠይቀኝ ነው። ግማሹ ተከፈላት፤ ይግባኙ ገና ነው፤
እሱን ሌላ ቀን። ዛሬ ስልኩን ነው የምናየው።
ማጉያውን ስትከፍት፣ ከሰላምታ ቀጥሎ፣ ከአየሩ ወሬ በፊት
«ከኔ ጋር እገሌና እገሊት አሉ» በል፤
ማዶ ያለ ሰው ወንበር መቁጠሪያ ዓይን የለውም፣ የሚያጮልቅበት።
መብራቷንም እያት። ጣት ይዋሻል፤ የነካ ይመስለዋል።

ይኸው፣ ጠራ። ሁለተኛው መስመር ነው። አታፍጥጥበት፤
አንሳው።
በጆሮህ።