የክርስትና ስሜ

ቡሬ፥ በርበሬ ተራ፥ ሚዛን ያዥ ነኝ እኔ፤
ብናኝ ሲያስለኝ ውሎ፥ ሲለበለብ ዓይኔ።
ዐሥራ ሰባት ዓመት ያገር ምርት መዝኜ፥
የራሴን ልክ አጣሁ፥ ከሰው በታች ሆኜ።

ስሜ ምትኩ ነው። ከኔ በፊት መጥቶ
ወንድሜ ስመኘው ፈጠም ወንዝ ገብቶ
ቀረ በሰባት ዓመቱ፤ ወሰደው ነሐሴ።
የሱ እጀ ጠባብ ተቀዶ ሆነ የአራስ ልብሴ።
እሱን ተመኝታ ነው ስም ያወጣችለት፤
እኔን ግን የጠራችኝ በቤቷ ጉድለት።

በልቤ ውስጥ ኖረ ሚዛን ተንጠልጥሎ፥
ባንዱ ሳህን ሬሳ፥ ባንዱ ሕያው ቀልሎ።
የሞተ ልጅ አይሰርቅ፥ አይዋሽ፥ አይሰክር፤
ሁልጊዜ ሰባት ዓመት፥ አንድም አይጨምር።
እኔ ግን ሰክሬያለሁ፤ ዋሽቼም አውቃለሁ፤
ሚዛን ላይ አውራ ጣቴን አሳርፌያለሁ።

እናቴ ስታጣጥር፥ ባለፈው ጥቅምት፥
እጇን ይዤ አደርሁኝ ሦስት ቀን፥ ሦስት ሌሊት።
በሦስተኛው ሲነጋ ዓይኗን ገለጠችና
«ስመኘው፥ መጣህ?» አለች፥ ፊቴን ዳሰሰችና።
«መጣሁ» አልኋት፤ ምን ልበል። ፈገግ ብላ አረፈች።
እኔን ሳትሰናበት፥ እሱን አግኝታ ሄደች።

ከዚያ ወዲያ ጸሎቴ ካንደበቴ በነነ፤
«አባታችን ሆይ» የሚለው «ሆይ» ላይ ቆሞ መከነ።

ሁዳዴ ገባ። ሰዉ ሚካኤል ሲሳለም
እኔ ከቅጥሩ ውጪ፤ ግባም ያለኝ የለም።
ማን ከለከለኝ? ማንም። እኔው ነኝ ዘበኛ፤
እኔው ነኝ ከሳሽ፥ ዳኛ፥ እኔው ነኝ እስረኛ።
«ጌታዬ፥» አልሁ አንድ ማታ ግንቡን ተደግፌ፥
«አንተስ የምትጠብቀው እሱን ነው? ልሂድ አልፌ?»
መልስ የለም። ውሻ ጮኸ። ከውስጥ የጾም ዜማ፥
ከበሮ የማያጅበው፥ ከሩቅ የሚሰማ።

አባ ጥዑመልሳን ወጡ መቋሚያቸውን ይዘው፤
«አንተ ነህ?» አሉኝ፥ ዓይናቸውን አጥብበው።
«ኑዛዜ ፈልገህ ነው?» «አዎ፥» አልሁ፥ ሳላስበው።
ሁሉን ዘረገፍሁት፤ አረቄውን፥ ጣቴን፥
በሙት ልጅ መቅናቴን፥ ስሜን መጥላቴን።

«የክርስትና ስምህ?» አሉኝ። አላውቀውም።
ካርባ ቀኔ ወዲህ ማንም ጠርቶኝ አያውቅም።
ሽማግሌው ሳቁ። «እኔ ግን አውቀዋለሁ፤
ሠላሳ ስምንት ዓመት በቅዳሴ ጠርቼዋለሁ።
ወር በገባ በዐሥራ ሁለት፥ ጧፍ ይዛ እናትህ
‹ሀብተ ኢየሱስን አደራ› ትለኝ ነበር። ያ አንተ ነህ።
አንድም ቀን ከዚያ ስም በፊት ሌላ አልጠራችም።
ለሙቱ አለቀሰች፤ ለአንተ ግን አልሰለቸችም።
ምትኩንም አትጥላው። ያገር ልጅ፥ ቅኔ ነው፤
ሰሙን ትተህ ወርቁን ፍታ፤ ባንተ ምትክ ማነው
ዕንጨት ላይ የዋለው?»

ይህን ብለው ገቡ። እኔ ደጁ ላይ ቀረሁ፤
ወዲያው አልበራልኝም፤ አልዋሽም፤ ፈራሁ።
ስሙን ሞካከርሁት እንደ አዲስ ጫማ፥
ሀብተ ኢየሱስ፥ ሀብተ ኢየሱስ፤ ጆሮዬ እስኪሰማ።

ዛሬም ያስለኛል ብናኙ፤ ዛሬም አንዳንድ ሌት
ያ ባለ ሁለት ሳህን ይሰቀላል ከፊት።
ወንድሜ ይመጣና ይቀመጣል ከብዶ፤
ስሜን እጠራለሁ ያኔ፥ ጉልበቴ መሬት ወርዶ።
አንዳንዴ ይሄዳል። አንዳንዴ ያድራል።
ያደረ ሌሊት ደግሞ ጌታም አብሮ ያድራል።

ትናንት መሸት ሲል፥ ጆንያው ሁሉ ተጭኖ፥
ነጋዴው ተበትኖ፥ መጋዘኑ ባዶ ሆኖ፥
ባስኩላው ላይ ወጣሁ ጫማዬን አውልቄ፤
አምሳ ስምንት ኪሎ አለኝ፤ ዝም አልሁ ጠብቄ።
ከወዲያ በኩል የሚነሣ ሌላ ሳህን የለም፤
ባስኩላ አንድ ሰው እንጂ ሁለት አያቆምም።

መብራቱን አጠፋሁ። በሩን ቆለፍሁ።
ማንም ሳይጠራኝ ገና፥ «አቤት፥ ጌታዬ» አልሁ።